በሩ ዝግ ነው

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ከሐረጎ ወርዶ ጉም ኮምቦልቻን ሲያለብስ፣
ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው ቆመው ውሃ እስኪመጣ ድረስ፣
እኔም ከመሃል ነኝ።
ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ በየደጁ ስሄድ ውሻው የሚያውቀኝ።
(አትሳቁ። የኔም ቤት ቧንቧ ከደረቀ ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው፤
መሥሪያ ቤቴ ለኔም ያለኝ፣ እንደናንተው፣ "ታገሥ" ነው።)

ውሃ ሲዘገይ ሰው ያልማል። ሌላ ምን ይሠራል?

በያጁ ሙሄ ጀመረ፤
የሰፈሩ በር ሁሉ በሱ እጅ ነው የተሠረሠረ።
"አንድ በር ብበይድ" አለ፣ "ማጠፊያው እዚህ፣ ኮምቦልቻ፣
ከፍቼው ስገባ ጅዳ የምወጣ፣ በአንድ ርምጃ ብቻ።
ያለ ደላላ፣ ያለ ባሕር፣ ያለ በረሃ ጥም፣
ዘሃራን 'ነይ፣ እራት ቀርቧል' ልበላት፤ ሌላ አልመኝም።"

ማንም አልሳቀ። ከኋላ አንድ ሰው "አብሽር" አለው፣ ቀስ ብሎ።
በዚያ ሰልፍ ጅዳ ዘመድ የሌለው የለም።

እቴነሽ ግን፣ የሒሳብ መምህሯ፣ በሩ አላማራትም፦
"እኔስ" አለች "ከተማውን ኩባንያ በገዛው! አልቀልድም።
ከንቲባ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ 'ነገ ተመለሺ' የለ፤
ውል ፈርመሽ ትገቢያለሽ። ቧንቧው ደረቀ? ካሳሽ በስልክሽ ገባ፣ አለቀ።
መብራቱ ቢጠፋ በሰከንድ ይቅርታ፣
ጎዳናው ራሱን ጠርጎ የሚያድር ማታ ማታ፣
ቦርከናም ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ መልኩ እንደ ብርጭቆ፣
ልጅ የሚዋኝበት፣ ጠጠሩ የሚቆጠር ከሥር ፈክቶ ደምቆ።"
"ስሙስ?" አላት አንዱ። "የከተማው ስም?"
"ከፈለጉ ይቀይሩት፤ በስም ልብስ አይታጠብም።"

እብሬ፣ የጨርቃ ጨርቁ ጡረተኛ ዘበኛ፣
ጋቢው እስከ አፍንጫው፣ የነቃ የማይመስል፣ ግን የማይተኛ፣
"ከሥራ ብባረር ቤቴ እገባለሁ" አለ፤ "ከከተማ ብባረርስ?
ደግሞስ ቅሬው ስንተኛ አንቀጽ ላይ ነው? ስሞት ማን ያልቅስ?"

እቴነሽ ጥቂት አሰበች።
"ለቅሶ... በጥቅል ይሸጣል። የሳምንትም የወርም" አለች።
ሳቁ ጉሙን ቀደደው። እብሬም ሳቀ፣ እስኪያስለው።

እኔ ዝም አልኩ። የማውቀውን ስለማውቅ ነው፦
ከውሃው በፊት በቧንቧው የሚመጣው ነፋስ ነው።
ሽሽሽ ይላል፣ ያስላል፣ የቆጣሪው መርፌ ይሾራል፤
መርፌው የዋህ ነው፣ አየሩን ውሃ ብሎ ይቆጥራል።
እኔም እጽፋለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ አጣርቼ፤
ሰዉም ይከፍላል፤ እኔም ከፍዬ አውቃለሁ፣ የራሴን ቆጣሪ አንብቤ፣ ፈርቼ።
አየር የሚሸጥበትን ዘመን በሩቅ የምትጠብቁ ሆይ፣
እኛ ቀድመን ደርሰናል። ደረሰኝ አለን፤ አታዩም ወይ?

ያም ሆኖ አልዋሽም። ያንን የብርጭቆ ቦርከና
እኔም ዋኘሁበት፣ በሐሳቤ፣ ሸሚዜን ጥዬ፣ ደግሜ እንደገና።
ውሉን ቢያመጡልኝ እፈርም ነበር፤
ሳላነብ። ማንበብ ሥራዬ ሆኖ።

ለዐሥር ዐሥር ጉዳይ ሽሽሽ አለ። ነፋሱ መጣ። ከዚያ ዝገቱ።
ከዚያ ውሃ።
የወደፊቱ ዘመን ሁሉ ባንዴ ተበተነ፤
"ተራዬ ነው!" "ማን አለሽ!" "ጀሪካኔን ማን አነሣ?" ሆነ።
እብሬን ግን አስቀደሙት። ማን እንዳዘዘ እንጃ።

ሲነጋ በሙሄ ሱቅ በኩል ሳልፍ፣ አንድ አረንጓዴ በር
ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ለገዢ ሊሰጥ ይሁን ለሌላ ነገር።
ከኋላው ብሎኬት ብቻ ነው። አውቃለሁ።
ግራ ቀኝ አየሁና ሁለቴ አንኳኳሁ።

ጠበቅሁ።

እጄ ላይ የቀረውን ቀለም በሱሪዬ ጠረግሁ፣
መዝገቤን ገልጬ፣ ሰው ያጣሁበት ቤት ስደርስ የምጽፈውን ጻፍሁ፦
"በሩ ዝግ ነው። ተመልሼ እመጣለሁ።"